ስተርኖክላይዶማስቶይድ፦ በትንፋሽና በትርጉም የሚከፈል ስም

በአናቶሚ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ተማሪ ከሚገጥሙት ስሞች መካከል የአንድ የአንገት ጡንቻ ስም ያህል ቶሎ የሚያስደነግጥ ያለ አይመስለኝም። ጡንቻው ስተርኖክላይዶማስቶይድ ይባላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 19 ፊደላት ይፈጃል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ 13 ይሆናል። ደሴ ላይ የማስተምራቸው የጤና ተማሪዎች ከወረኢሉ፣ ከደላንታ፣ ከወረባቦ፣ ከመርሳ፣ ከከሚሴና ከሌሎችም የወሎ አካባቢዎች የሚመጡ ናቸው። አብዛኞቹ ይህን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ጣታቸውን በገጹ ላይ አሳርፈው ከግራ ወደ ቀኝ እየገፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሞክሩታል፤ መሐል ላይ ሲደርሱም ያቆማሉ። የሚያቆሙበት ቦታ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ነው። የምጽፈውም ስለዚያ ቦታ ነው።

ተማሪው «ስተርኖክ» ብሎ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ከዚያም ቀሪውን «ላይዶማስቶይድ» ብሎ ሊጨርስ ይሞክራል። ነገር ግን «ላይዶ» የሚባል ነገር የትም ሰምቶ ስለማያውቅ ግራ ይገባውና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ይህ የድፍረት ወይም የችሎታ ማነስ አይደለም፤ የተሰናከለው ምላሱ የአማርኛን ሕግ በትክክል ስለተከተለ ነው። ቃሉ በትንፋሽ የሚከፈልበት ቦታና በትርጉም የሚከፈልበት ቦታ «ክ» ላይ ሲደርሱ አይገጥሙም። ረጃጅም የአናቶሚ ስሞችን ስናስተምር ሁለቱን አከፋፈሎች ለየብቻ ማሳየት፣ ተማሪውም ሁለቱን በየተራ እንዲያደርጋቸው ማለማመድ ይኖርብናል ብዬ አምናለሁ፤ አጠራሩን ብቻ ወይም ትርጉሙን ብቻ ነግሮ ማለፍ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

ከትንፋሹ አከፋፈል እንጀምር። አንድን አናባቢ ማዕከል አድርጎ በአንድ ግፊት የሚነገረው የቃል ክፍል ቀለም ይባላል። አማርኛ በቀለም መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢዎች ያለ አናባቢ ተከታትለው እንዲመጡ አይፈቅድም። ስለዚህ «ስፖርት» ስንል ወይ «እስፖርት» እንላለን፣ ወይም በ«ስ» እና በ«ፖ» መካከል አጭር የሳድስ አናባቢ እናስገባለን፤ «ስታዲየም» ስንልም እንዲሁ ነው። ስተርኖም በዚሁ ሕግ ይገዛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ስተር» የሚለውን በአንድ ቀለም ይጨርሰዋል፤ እኛ ግን «ስ» ላይ ለአፍታ ቆይተን «ተር» ስለምንል አንዱ ቀለም ሁለት ይሆንብናል።

ነገሩን በፊደላችን መመልከት ብዙ ይገልጣል። ስሙ የተጻፈባቸው 13 ፊደላት ስ፣ ተ፣ ር፣ ኖ፣ ክ፣ ላ፣ ይ፣ ዶ፣ ማ፣ ስ፣ ቶ፣ ይ እና ድ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 7ቱ ሳድስ ሲሆኑ የቀሩት 6ቱ፣ ማለትም ተ፣ ኖ፣ ላ፣ ዶ፣ ማ እና ቶ፣ አናባቢያቸው የማያጠራጥር ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ያሉት ቀለሞችም ልክ 6 ናቸው። ሳድስ ያልሆኑትን ፊደላት የቆጠረ ተማሪ የእንግሊዝኛውን የቀለም ብዛት ያለ መዝገበ ቃላት አገኘው ማለት ነው። ችግሩ ያለው ሳድሶቹ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሳድስ በፊደላችን ውስጥ ሁለት ሥራ ደርቦ የያዘ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ አጭር አናባቢ ይኖረዋል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም አናባቢ ሳይኖረው የፊተኛውን ቀለም ይዘጋል። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ብንወስድ 5ቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ ይሁንና አናባቢ የሚሰማው «ት» እና «ህ» ላይ ብቻ ነው፤ «ትም» «ህርት» ብለን በሁለት ቀለም እንጨርሰዋለን። ይህን ማንም ቆሞ አላስተማረንም፤ ከእናታችን አፍ ወስደነዋል። ባዕድ ቃል ሲመጣ ግን ጆሮአችን ያላሰማን ስለሆነ የትኛው ሳድስ አናባቢ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ፊደሉ ብቻውን አይነግረንም።

በስተርኖክላይዶማስቶይድ ውስጥ አናባቢ የሚያስፈልገው ሳድስ የመጀመሪያው «ስ» ብቻ ነው። «ር» የ«ተ»ን ቀለም ትዘጋለች፤ ሁለተኛዋ «ስ» የ«ማ»ን ትዘጋለች። «ክ» ከፊቷ «ኖ» ስላለች፣ ከኋላዋም «ላ» ስለምትከተላት፣ የአማርኛ ምላስ ከ«ኖ» ጋር አጣምሮ «ኖክ» ይላታል። እንዲህ ካደረገ ምንም ተጨማሪ አናባቢ ሳያስፈልገው «ኖክ» «ላይ» ብሎ ይሻገራል። ስለዚህ በወሎ ልጅ አፍ ስሙ በ7 ቀለም «ስ-ተር-ኖክ-ላይ-ዶ-ማስ-ቶይድ» ይሆናል። መጨረሻው ላይ ያለው «ቶይድ» በአንድ ትንፋሽ መነገር ሲገባው አንዳንዶች «ቶ» ካሉ በኋላ ለ«ይ» አናባቢ ሰጥተው «ይድ» የሚል ስምንተኛ ቀለም ይጨምሩበታል። ይህኛው በቀላሉ ይታረማል፤ «ሴሉሎይድ» ወይም «ታይሮይድ» የሚለውን ቀድመው የሚያውቁ ከሆነ መጨረሻውን እንደዚያ በሉት ማለት ይበቃል።

አጽንኦትን በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ከፍ ብሎ የሚነገረው ቀለም «ማስ» ነው፤ «ስተር» እና «ክላይ» ደግሞ ቀለል ያለ ጫና አላቸው። አማርኛ ጎላ ያለ አጽንኦት የሌለው ቋንቋ ስለሆነ ተማሪዎቻችን ሁሉንም ቀለም እኩል አድርገው ይጠሩታል፤ ይህም ከመረዳት አያግድም። «ማስ» ላይ ድምፅን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ለሰሚው ምቹ ይሆናል።

ቃልን በትንፋሽ የሚከፍለው መስመርና በትርጉም የሚከፍለው መስመር መለያየታቸው የባዕድ ቃል ብቻ ጠባይ እንዳይመስል «ቤታችን» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ትርጉሙን ስንከፍለው «ቤት» እና «አችን» የሚሉ ሁለት ምዕላዶችን እናገኛለን። በትንፋሽ ስንከፍለው ግን መጀመሪያ የሚመጣው «ቤ» ነው፤ የ«ቤት» መዝጊያ የነበረችው «ት» ከቅጥያው አናባቢ ጋር ተዋህዳ «ታ» ሆናለች። የሁለቱ ምዕላዶች መገጣጠሚያ በአንዲት ፊደል ሆድ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። ይህን በየቀኑ እንናገረዋለን፣ እንጽፈዋለንም፤ ትርጉሙንም ለአፍታ አንስትም። የ«ክ»ም ነገር ይኸው ነው፤ በትንፋሽ ወደ ኋላ ብትሄድም በትርጉም የሚቀጥለው ክፍል መሪ እንደሆነች ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ትርጉሙ አከፋፈል ስንመጣ ስሙ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ስተርኖ፣ ክላይዶ እና ማስቶይድ። ሦስቱም ከግሪክ የመጡ ናቸው።

«ስተርኖን» በግሪክ ደረት ማለት ሲሆን በአናቶሚ ስተርነም የምንለው በደረት መሐል ቁልቁል የወረደውን ጠፍጣፋ አጥንት ነው። ሥጋ ቤት የሚያዘወትር ሰው ፍርምባ የሚለው ሥጋ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ለተማሪዎቼ ስተርኖን ከፍርምባ ጋር አያይዤ ስነግራቸው ሁለተኛ አይረሱትም። «ክሌይስ» በግሪክ ቁልፍ ማለት ነው፤ ሲረባ «ክሌይዶስ» ስለሚሆን በስሙ ውስጥ «ዶ» የምትለዋ ድምፅ የመጣችው ከዚያ ነው። ግሪኮች ይህንኑ ቃል ከደረት አጥንት ተነሥቶ ወደ ትከሻ ጫፍ አግድም ለሚሄደው አጥንት ሰጡት። ሮማውያንም በበኩላቸው ትንሿ ቁልፍ ብለው ክላቪኩላ አሉት፤ ዛሬ ክላቪክል የምንለው ከዚህ የተወሰደ ነው። አጥንቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት የዳሰሰ ሰው ቀጥ ያለ አለመሆኑን ያውቃል፤ ወደ ደረት ባለው በኩል ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ወደ ትከሻ ባለው በኩል ደግሞ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ክንዳችንን ወደ ላይ ስናነሣ ይህ አጥንት በራሱ ዛቢያ ላይ ይዞራል።

ሦስተኛው ክፍል ራሱ በሁለት ይከፈላል። «ማስቶስ» ጡት ማለት ነው፤ «ኤይዶስ» ደግሞ መልክ ወይም ቅርጽ ማለት ሲሆን ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር «ኦይድ» ይሆናል። ማስቶይድ ማለት እንግዲህ ጡት መሰል ማለት ነው፤ ስያሜው የተሰጠውም ከጆሮ ጀርባ ቁልቁል ወጣ ብሎ ለሚዳሰሰው የራስ ቅል ጉብታ ነው። ይህን ክፍል በቸልታ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ላይ ይጥላል። ማስታይቲስ የጡት ብግነት ነው፤ ማስቶይዳይቲስ ግን ከጆሮ ጀርባ ያለው የዚያ አጥንት ብግነት ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚከተለው ያልታከመ የመሐል ጆሮ ኢንፌክሽንን ነው። ሁለቱን ስሞች የሚለያቸው መሐል ላይ የገባችው «ኦይድ» ናት። ተማሪው «ኦይድ» ማለት «መሰል» ማለት መሆኑን ካወቀ ቃሉ ስለ ጡት ሳይሆን ጡት ስለሚመስል ነገር እንደሚናገር ወዲያው ይገባዋል፤ ይህን ካላወቀ ግን ካርድ ላይ የሚያነበውን ሕመም ከጆሮ አንሥቶ ደረት ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል።

የ«ኦይድ» ቤተሰብ ሰፊ ነው። ዴልቶይድ የትከሻ ጡንቻ ሲሆን ስሙ ዴልታ የተባለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን የግሪክ ፊደል ይመስላል ማለት ነው፤ ሃዮይድ የተባለው የአንገት አጥንት ዩፕሲሎን የተባለችውን ፊደል ይመስላል፤ ታይሮይድ ጋሻ መሰል ነው፤ ስፌኖይድ ሽብልቅ መሰል፣ ኤትሞይድ ወንፊት መሰል ናቸው። አንዲት ቅጥያ ያወቀ ተማሪ የእነዚህን ሁሉ ስሞች ግማሽ አወቀ ማለት ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ስተርኖ እና ክላይዶ መጨረሻቸው ላይ ያለው «ኦ» ነው። ይህች አናባቢ የራሷ ትርጉም የላትም፤ ሁለት ቃላትን የምታያይዝ ናት። ግዕዝ ያነበበ ሰው ይህ አይከብደውም። «ቤት» ከ«ክርስቲያን» ጋር ሲናበብ «ቤተ» ይሆናል፣ «ርእስ» ከ«ከተማ» ጋር ሲናበብ «ርእሰ» ይሆናል፤ ሳድሷ ወደ ግዕዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው የፊደል ቤት፣ የተለወጠችው ሌላ ቃል እንደሚከተል ለማመልከት ነው። አናባቢዋ ሌላ፣ የቃላቱም ቅደም ተከተል ሌላ ቢሆንም ሥራው ተቀራራቢ ነው፤ «ኦ»ን ሲሰሙ ስሙ ገና እንዳላለቀ ይወቁ።

ክፍሎቹ የተደረደሩበት ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። በዚህ ዓይነት የጡንቻ ስሞች ጡንቻው የሚነሣበት አጥንት ይቀድማል፣ የሚያርፍበት ይከተላል። ስለዚህ ስሙ ራሱ አቅጣጫ የሚያመለክት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከደረት አጥንትና ከክላቪክል ተነሥቶ ከጆሮ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ የሚያርፍ ማለት ነው። ስተርኖሃዮይድ ከደረት አጥንት ወደ ሃዮይድ፣ ስተርኖታይሮይድ ከደረት አጥንት ወደ ታይሮይድ ልምአጥንት ይሄዳሉ። መምህሩ ስሙን በፍጥነት ጠርቶ ካለፈው ተማሪው የጡንቻውን መነሻና መድረሻ ለብቻው፣ ስሙን ደግሞ ለብቻው ለመሸምደድ ይገደዳል፤ ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚነግረው ካላገኘም ድካሙ እጥፍ ይሆናል።

አንባቢ ይህን በራሱ አንገት ላይ ማየት ይችላል። መስታወት ፊት ቆመው ፊትዎን ወደ ግራ ያዙሩ፤ በቀኝ አንገትዎ ላይ ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ደረት መሐል የሚወርድ ወፍራም ገመድ መሰል ነገር ይወጣል። አገጭዎን በግራ እጅዎ መዳፍ ላይ ደግፈው ፊትዎን ወደ ግራ ሲገፉት የበለጠ ይጎላል። በጣትዎ ቁልቁል ተከትለው ሲወርዱ ከታች በኩል ሁለት እግር እንዳለው ይሰማዎታል፤ አንዱ ቀጠን ብሎ እንደ ጅማት የጠነከረ ሆኖ ከደረት አጥንት አናት ላይ ይጣበቃል፣ ሌላው ሰፋና ሳሳ ብሎ በክላቪክል ውስጠኛ ሢሶ ላይ ያርፋል። በሁለቱ እግሮች መካከል ጣት የምታርፍበት ትንሽ ጎድጓዳ ስፍራ አለ። ስተርኖ የመጀመሪያው እግር ነው፣ ክላይዶ ሁለተኛው፣ ማስቶይድ ጣትዎ የተነሣበት ከጆሮ ጀርባ ያለው ጉብታ። ስሙን እየጠሩ ሦስቱን ቦታዎች በጣት መንካት በክፍሌ ውስጥ ግዴታ ነው። አንዲት ተማሪ ይህን ካደረገች በኋላ «መምህር፣ እና ስሙ ካርታ ነው ማለት ነው?» አለችኝ፤ «አዎ የኔ ልጅ፣ ካርታ ነው» አልኳት። አጠገቧ የነበረችው ጓደኛዋ ገና «ኖክ» ላይ እየተደናቀፈች ነበር፤ «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ንኪው፣ ከዚያ ጥሪው» ስትላት ሰማሁ፤ ትክክለኛውም ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

ስለ «ክላይዶ» አጠራር ብዙ ክርክር እሰማለሁ። አንዱ «ክሊዶ» ይላል፣ ሌላው «ክሌይዶ»፣ ሌላው «ክላይዶ»። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚሰጡት «ክላይዶ» ነው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነም ተማሪዎቼን በዚሁ አስለምዳቸዋለሁ። ሆኖም «ክሌይዶ» ለጥንቱ ግሪክ አጻጻፍ ይቀርባል፤ የዛሬዎቹ ግሪኮች ደግሞ ቁልፍን «ክሊዲ» ስለሚሉ «ክሊዶ» ያለውም ሰው ከእነርሱ ጋር ይገጥማል። በሕሙማን ክፍል ውስጥ ባልደረባን በአጠራሩ ማሳፈር ተገቢ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ ሦስቱም አጠራሮች ወደ አንድ ቁልፍ ይመለሳሉ። አጥብቄ የማርመው «ክ»ን ውጦ «ስተርኖላይዶ» ማለትን ነው፤ «ክ» ከወደቀች የሁለተኛው አጥንት ስም አብሮ ይወድቃልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የግሪክ ቃል ወደ አገራችን ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በጥንት ዘመን መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ ብዙ ስሞች አብረው ገብተዋል። የዚያን ዘመን ተርጓሚዎች የግሪክን «ት» በ«ጥ»፣ የግሪክን «ክ» በ«ቅ» ይጽፉ ነበር፤ ጴጥሮስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ የምንለው ለዚህ ነው። ግሪኮች ሁለት ዓይነት «ት» ስለነበሯቸው ጢሞቴዎስ በሚለው ስም አንደኛዋ «ጢ» ሁለተኛዋ «ቴ» ሆናለች። ስተርኖክላይዶማስቶይድ በዚያ ዘመን በእነዚያ ሊቃውንት እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በ«ጥ» እና በ«ቅ» በተጻፈ ነበር፤ ዛሬ በ«ት» እና በ«ክ» የምንጽፈው በእንግሊዝኛ በኩል ስለመጣ ነው።

ወሎ ድምፅን አጥርቶ የማንበብ ባህል በሁለት በኩል የዳበረበት አገር ነው። ከዋድላና ደላንታ በኩል የሚመጡት መካከል የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ልጆች አሉ፤ እነዚህ ፊደል ቆጥረው፣ በግዕዝ ንባብ እያንዳንዷን ፊደል ነጥለው አንብበው፣ ከዚያ ወደ ውርድ ንባብና ወደ ቁም ንባብ የተሻገሩ ናቸው። አንድ የግዕዝ ቃል ከአራቱ የአነባበብ ስልቶች በየትኛው እንደሚነበብ፣ ማለትም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ ወይም ሰያፍ መሆኑን ሳይለዩ ማንበብ ነውር መሆኑን በልጅነታቸው ተምረዋል። በሌላው በኩል ቁርኣን የቀሩ ልጆች አሉ፤ እነርሱ እያንዳንዱ ሐርፍ (ፊደል) መኽረጅ እንዳለው፣ ማለትም ከጉሮሮ፣ ከምላስ ሥር፣ ከምላስ ጫፍ ወይም ከከንፈር የሚወጣበት ስፍራ እንዳለው ተምረዋል። የአናቶሚን ስም ለማስጠናት ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል? «ይህን ስም መጀመሪያ እንደ ግዕዝ ንባብ ፊደል በፊደል አንብበው፣ ከዚያ እንደ ውርድ ንባብ ቀለሞቹን አያይዛቸው፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ በአንድ ትንፋሽ በለው» ስለው ወዲያው የሚገባው ተማሪ አለኝ። «ክ» ከምላስ ሥር፣ «ላ» ከምላስ ጫፍ ስለሚወጡ ምላስሽ ከኋላ ወደ ፊት ሲሻገር ይሰማሻል ስላት ያለ ሌላ ማብራሪያ የምታስተካክል ተማሪም አለችኝ። እነዚህ ልጆች ይህን እውቀት ይዘው ወደ ክፍል ሲገቡ ለአናቶሚ የማይጠቅም ነገር አድርገው በር ላይ ጥለውት እንዲገቡ አልፈልግም።

የስሙን ክፍሎች ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ከታማሚ ቤተሰብ ጋር ሲነጋገሩ ነው። አንዳንድ ሕፃናት በአንዱ በኩል ያለው ይህ ጡንቻ አጥሮና ጠንክሮ ይወለዳሉ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ይታይባቸዋል፤ ቶርቲኮሊስ ይባላል። የቀኙ ጡንቻ ካጠረ የሕፃኑ ጭንቅላት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ፊቱ ደግሞ ወደ ግራ ይዞራል። ይህም ጡንቻው ከሚሄድበት መስመር የሚመጣ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ ያለውን ጉብታ ወደ ደረት ሲስበው ጆሮው ወደ ትከሻ ይቀርባል፣ አገጩ ወደ ተቃራኒው ጎን ይገፋል። እናት «ምን ሆኖብኝ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ስተርኖክላይዶማስቶይድ ብሎ መመለስ ምንም አይነግራትም። ስሙን በትርጉም መክፈል የሚችል ባለሙያ ግን የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ከስሙ ውስጥ ያወጣዋል፤ «እናቴ፣ ከደረቱ አጥንት ተነሥቶ ከጆሮው ጀርባ የሚደርሰው ይህ ጡንቻ አጥሮ ነው፤ እዚህ ጋ ይዳስሱት» ይላታል። ቶሎ ከተጀመረ ብዙዎቹ ሕፃናት ጡንቻውን ቀስ እያሉ በሚዘረጋ የአካል ሕክምና ይሻላቸዋል፤ ልምምዱን ቤት ውስጥ በየዕለቱ የምትሠራው ደግሞ እናትየው ናት። ከየት ወደ የት እንደሚስብ የገባት እናት እጇን የት እንደምታሳርፍ ታውቃለች።

ባለሙያዎች ስሙን አሳጥረው «ኤስ ሲ ኤም» ይሉታል። ለሥራ ፍጥነት ይጠቅማል፤ አልቃወመውም። ነገር ግን ለጀማሪ ተማሪ ምኅጻረ ቃሉን ቀድሞ መስጠት ካርታውን አጥፎ ኪስ ውስጥ እንደመክተት ስለሆነ ሙሉውን ስም ሳያዩ ጠርተው፣ ሦስቱን ቦታዎች በጣታቸው እስኪያሳዩኝ ድረስ አልፈቅድላቸውም።

በደብተራቸው ላይ ስሙን በሁለት መስመር እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው መስመር የትንፋሽ ነው፤ በጭረት ይከፈላል፤ ስ-ተር-ኖክ-ላይ-ዶ-ማስ-ቶይድ። ሁለተኛው የትርጉም ነው፤ በብራና መጻሕፍት ቃልን ከቃል ይለይ በነበረው ሁለት ነጥብ ይከፈላል፤ ስተርኖ፡ክላይዶ፡ማስቶይድ። ከዚያ ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከሌላው በላይ አድርገው «ክ»ን በሁለቱም ላይ እንዲያከብቡ አዝዛለሁ። በላይኛው መስመር የቀለም መዝጊያ ናት፣ በታችኛው የክፍል መክፈቻ። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የጻፈ ተማሪ «ስተርኖክ» ብሎ አያቆምም፤ ቢያቆምም የሚቀረው «ላይዶ» ሳይሆን «ክላይዶ» መሆኑን ያውቃል።

ይህ ከተለመደ በኋላ የምሰጣቸው ስም ከዚህም የረዘመ ነው፤ ሌቫቶር ላቢ ሱፔሪዮሪስ አላይኩዌ ናዚ። ከአፍንጫ ጎን ያለች ትንሽ የፊት ጡንቻ ስትሆን የላይኛውን ከንፈርና የአፍንጫን ክንፍ ወደ ላይ ታነሣለች። ሌቫቶር አንሺ፣ ላቢ የከንፈር፣ ሱፔሪዮሪስ የላይኛው፣ ናዚ የአፍንጫ ማለት ናቸው። እዚህኛው ስም ውስጥ ተማሪ የሚቆምበት ቦታ «አላይኩዌ» ላይ ነው፤ «አላይ» የክንፍ ማለት ሲሆን «ኩዌ» በላቲን ከቃል መጨረሻ ላይ የምትለጠፍ «እና» ናት። የእኛ «ና»ም እንዲሁ ትለጠፋለች፤ ልዩነቱ እኛ «ከንፈርና አፍንጫ» ስንል በፊተኛው ቃል ላይ መለጠፋችን፣ ላቲን ግን በኋለኛው ላይ መለጠፉ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው መስመር ላይ ሁለት ነጥቡን በ«አላይ» እና በ«ኩዌ» መካከል ያስቀምጣሉ፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ደግሞ ቀለሞቹን ራሳቸው እንዲያገኟቸው እተውላቸዋለሁ።